ደረጃ ላይ የተሰጠ ሰላምታ

ለእርጉዝ ሴት ደረጃ ጠላት ነው ይባላል። አይደለም። ደረጃ ሲሚንቶ ነው፤ ጠላትም ወዳጅም መሆን አይችልም። እህቴ የሺ ከወደቀች ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ ደረጃውን ሲረግም እሰማለሁ፤ እኔም ላለመጨቃጨቅ ዝም እላለሁ። እዚህ ግን ዝም አልልም። ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ፍኖተ ሰላም ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው መውደቋ አይደለም፤ ከወደቀች በኋላ ያደረገችው ነው።

የሺ የሁላችንም ታናሽ ናት። ካገባች በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ ሳታገኝ ቆይታለች። ያልተሳለችበት ቦታ የለም፤ ለጠበል ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዳለች። ባሏ ሞላ የግብርና ባለሙያ ነው፤ አብዛኛውን ቀን ገጠር ለገጠር ሲዞር ይውላል። ስታረግዝ የሚኖሩት ፎቅ ላይ ተከራይተው ነበር። ደረጃው በውጭ በኩል ነው፤ በአንድ ወገን ግድግዳ፣ በሌላው ወገን የብረት መደገፊያ አለው።

ሆዷ ገፋ ማለት ሲጀምር መካሪ በዛ። ግማሹ ደረጃ ያስወርዳል፣ ቤት ቀይሪ አላት። ግማሹ ደግሞ መውጣት መውረድ ምጥ ያቀላል፣ አብዝተሽ ውጪ ውረጂ አላት። ሁለቱም ወገን ጥርጥር የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ዕድሜዬን በማንበብ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ጉዳይ ግን አላስታውስም።

የሚረባ ነገር የነገረቻት ጤና ጣቢያ የምትከታተላት አዋላጅ ነርስ ናት። መውጣት መውረዱ በራሱ አይጎዳሽም፣ የሚጎዳሽ መውደቅ ነው አለቻት። ሆድሽ ሲገፋ ሚዛንሽ ይለወጣል፣ እግርሽንም አታዪውም፤ ስለዚህ ብረቱን ሳትይዢ አንድም እርምጃ እንዳትራመጂ፣ ዕቃ አትሸከሚ፣ የሚጎተት ቀሚስ አትልበሺ፣ አትቸኩዪ። ብትወድቂ ደግሞ ባያምሽም ወዲያው ነይ።

የሺ ይህን ሁሉ እንደ ጸሎት ያዘችው። ቀሚሶቿን አሳጠረች። የሚያዳልጠውን ጫማ ጣለች። ሞላም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አምጥቶ በየደረጃው ጠርዝ ላይ አጣበቀላት። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ ስትወርድ እያየኋት፣ ታቦት እንደተሸከመ ቄስ ነው የምትራመጂው ብዬ ቀለድኩባት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

“ታቦት አይደል እንዴ የያዝኩት፣ ወንድም ጋሼ?” አለችኝ።

የዚያን ዕለት ቅዳሜ ነበር። እኔ ከምኖርበት ከቡሬ ልጠይቃት መጥቼ በረንዳው ላይ ተቀምጠን እናወራለን። ሞላ ሥራ ሄዷል። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ከታች ከግቢው “ቤቶች!” የሚል ድምፅ ሰማን። የሞላ አባት አያ ካሴ ናቸው። ከጅጋ ማዶ ካለው ቀበሌያቸው እስከ መንገዱ በእግራቸው፣ ከዚያ በመኪና መጥተዋል። ትከሻቸው ላይ የገብስ ዱቄት ተሸክመዋል፤ የሺ ስትወልድ ለሚገነፋው ገንፎ ነው። ሞላ አንድ ልጃቸው ነው፤ የሺ የያዘችው የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸውን ነበር።

ሽማግሌው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ፎቅ መውጣት የለመዱ አይመስሉም፤ በአንድ እጃቸው ዱቄቱን፣ በሌላው ብረቱን ጨብጠው፣ እግራቸውን እየፈተኑ ነው የሚወጡት። ሸክሙን ልቀበላቸው ብዬ ስነሳ የሺ ቀድማኛለች። አማቷ ሸክም ይዘው ሲመጡ ቁጭ ብላ ማየት የሚሆንላት ሴት አይደለችም። አወራረዷ ግን እንደወትሮው ነው፤ ብረቱን ይዛ፣ ቀስ ብላ።

መሐል ላይ ተገናኙ። ብረቱ አንድ ነው። ሽማግሌ ብረት ይዘው እየመጡ እሷ መያዝ ነውር መሰላት፤ ለቀቀችላቸውና ወደ ግድግዳው ተጠጋች። እዚያው ቆማ ብታሳልፋቸው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ሰላምታው ግን ቀርቷል። የአማት ሰላምታ ደግሞ ጉልበት ስሞ ነው፤ እሷ ከላይ ናት፣ እሳቸው ከታች። ከአማቷ ከፍ ብላ ቆማ ልትሰግድ አልፈለገችም። በጠባቡ መተላለፊያ በጎናቸው አልፋ ከእሳቸው ዝቅ ልትል እግሯን ሰደደች፤ ያንኑ እያደረገች ጎንበስ አለች። እግሯ የደረጃውን ጠርዝ ሳተ።

አያ ካሴ ዱቄቱን ወርውረው ሊይዟት ተዘረጉ። እጃቸው ላይ የቀረው ነጠላዋ ነው።

እስከ ግቢው ተንከባልላ ወረደች፤ እየሮጥኩ ስደርስ ግን ተነስታ ነበር። ሽማግሌውም ወርደው ፊቷ ቆመዋል። የሺ ጭቃ የነካውን ቀሚሷን ወደ ጎን ሰብስባ፣ ዝቅ ብላ፣ ጉልበታቸውን ሳመች።

“እንኳን ደህና መጡ፣ አባባ” አለች።

ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳት። በዓይኗ ቆጣችኝ፤ እንግዳ ፊት ምን ነካህ ማለቷ ነው። አያ ካሴም ለመኗት። ምንም አልሆንኩም፣ አዳልጦኝ ነው እያለች ትስቃለች። እኔ ክንዷን ይዤ፣ ሽማግሌው ከኋላ እየተከተሉ ወደ ላይ ወጣን። ቁጭ በይ ብንላት አሻፈረኝ ብላ ምሳ አቀረበች። ውሃ ልታስታጥባቸው ጆጉን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ግን ፊቷ ተለወጠ። ጆጉን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችው።

“ወንድም ጋሼ፣ አሁን እንሂድ።”

የሄድንበት ባጃጅ ወንበር ላይ ደም ነበር።

ጤና ጣቢያ የተቀበለችን ያችው አዋላጅ ናት። መሣሪያውን ሆዷ ላይ አድርጋ አዳመጠች። ቦታ ቀየረች፣ አዳመጠች። አሁንም ቀየረች። ዓይኗን ከሆዷ ሳትነቅል ጠየቀቻት።

“ብረቱን አልያዝሽም ነበር?”

“ይዤ ነበር። አባባ ከታች ሲመጡ ነው የለቀቅኩት” አለች የሺ። “ከእሳቸው በላይ ቆሜ እንዴት ጉልበት እስማለሁ?”

አዋላጇ አምቡላንስ ጠራች። ሆስፒታል የሺን አተረፏት። ሴት ልጅ ነበረች፤ ሳታለቅስ ተወለደች።

ተከትለውን የመጡትን አያ ካሴን ከሆስፒታሉ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነጠላዋን አሁንም ጨብጠውታል። የሆነውን ነገርኳቸው።

“እኔ እኮ ሰላምታ ብዬ አልመጣሁም” አሉኝ። “ልጁን ብዬ ነው የመጣሁት። ተይ ልላት ነበር፤ አፌ አልፈጠነም።”

ልብስ ላመጣላት ወደ ቤት ተመለስኩ። የተበተነውን ዱቄት ዝናብ አግኝቶት ደረጃው ላይ ቦክቶ ጠበቀኝ። በእጄ ነው የጠረግኩት።

ለቅሶ አልተቀመጥንም። ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ድንኳን አይጣልም። ሰው የመጣው የሺን እንደ ታማሚ ሊጠይቃት ነው፤ እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል ይላታል። እሷም ለእያንዳንዱ አሜን ትላለች፤ ከተኛችበት ልትነሳለትም ትሞክራለች። አሁን ምድር ቤት ተከራይተዋል። ደረጃ ስለሌለው ዘመድ አዝማዱ ነገሩ መፍትሔ ያገኘ መስሎታል። አያ ካሴ ሲመጡ ከበሩ ውጭ ቆመው፣ “ተቀመጪ ልጄ፣ እኔ እመጣለሁ” ይሏታል። እሷ ግን ትነሳለች።

ስለ ጨዋነታችን የተጻፈ ነገር ሳነብ አሁን ደረጃው ይመጣብኛል። ማንን እንደምቆጣ አላውቅም። ሽማግሌውን መቆጣት አልችልም፤ እህቴንም አልችልም። ሁለቱም የተማሩትን አሳምረው አደረጉ። ልቤን የሚሰብረውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የምለምነው እናንተን ነው። እርጉዝ ሴት ደረጃ ላይ ካያችሁ ሰላም አትበሏት። ከታች ቁሙ፣ ብረቱን ተዉላት፣ ወርዳ እስክትጨርስ ጠብቁ። ልትሰግድ ጎንበስ ካለች “ተይ” በሏት። አፋችሁ ይፍጠን።