ላብ የናፈቀው ሹፌር

መንሱር ላብ የሚጠየፍ ሰው ነበር። የጭነት መኪና እየነዳ ወደ አፋር ሲወርድ በየደረሰበት ከተማ ሸሚዝ ይቀይር ነበር ብላ ሚስቱ ኡምሀኒ ታማዋለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ የጋለ ራዲያተር ሳይቀዘቅዝ ከፈተና የፈላው ውሃ ደረቱን፣ ሆዱንና ክንዶቹን ላጠው። ሐኪሞች ከጭኑ ቆዳ ወስደው ለጠፉለት። ሲድን ቆላ መውረዱን ትቶ ከሳሪስ ኮዬ ፈጬ ሚኒባስ መንዳት ጀመረ።

የተለጠፈው ቆዳ ግን አያልብም፤ ሙቀቱም መውጫ ያጣል። ፀሐዩ ሲከር መንሱር መስኮት ይከፍታል፤ ንፋስ የሚፈራው ተሳፋሪ ያስዘጋዋል።

አንድ ቀትር ላይ ቃሊቲ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳለ ከኋላው የተቀመጡት የዘወትር ተሳፋሪው እማማ አሰለፈች፣ «ልጄ፣ ንፋሱ ጎኔን ወጋኝ፤ እስቲ ዝጋው» አሉት። እሳቸውን እንቢ ማለት ከበደውና ዘጋው። ጥቂት እንደሄዱ ዓይኑ ብዥ አለበት። መኪናውን ጥግ አስይዞ ወረደ፤ በጄሪካን የያዘውን ውሃ ከነሸሚዙ አናቱ ላይ ደፋው።

«ሹፌሩን ነካ ሳያደርገው አይቀርም» አለ አንዱ ተሳፋሪ።

እማማ አሰለፈች ወርደው ጠየቁት። ነገራቸው።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«እርስዎን ከሚወጋዎት እኔን ቢያዞረኝ ይሻላል ብዬ ነዋ።»

«ጅል» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ፊቱን ጠረጉለት።

ይህን የሰማች ልጁ ኢሽራቅ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙ የላብ ዕጢዎቹ ከቆዳው ጋር እንደጠፉ አስረዳው። «ውጭ አገር ተመራማሪዎች ተራ የቆዳ ሴል ሥራውን ቀይሮ የላብ ዕጢ እንዲሆን እየሞከሩ ነው» አለው።

«ሙያ ይቀይራል ማለት ነው?»

«እንደዚያ ይበሉት። ግን ገና በአይጥ ላይ ነው።»

«አይጥ ላብ ምን ያደርግላታል? ኮዬ አትመላለስም።»

ኢሽራቅ አፍራ አቀረቀረች። ሐኪሙ ሳቀና እስከዚያው ጥላ፣ ውሃና ንፋስ አዘዘለት።

አሁን መንሱር ቀትር ላይ አይነዳም። ማታ ማታ ኢሽራቅን ስለ አይጦቹ ወሬ ይጠይቃታል፤ ኡምሀኒም፣ «የኔን ደህንነት እንዲህ ጠይቀህ ታውቃለህ?» ትለዋለች።

እማማ አሰለፈች ደግሞ ጭንቅላታቸውን በነጠላ ጠቅልለው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ሊዘጋ እጁን የሚዘረጋ ካለ፣ «ተው፣ ለሹፌሩ በሐኪም የታዘዘ ንፋስ ነው» ይሉታል። መንሱር በመስታወት ያያቸዋል፤ ያፍራል፣ ደስም ይለዋል።