ሁለት ሊትር ውሃ የሚችል ምላጭ

ገብረ ዮሐንስ የጠመንጃ ምላጭ የሚመዝነው በውሃ ነበር። በመጀመሪያ ጥይት እንዳልቀረ በዓይኑም በትንሽ ጣቱም ያረጋግጣል። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ያቀባብልና አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ከጎጆው ምሰሶ ጋር ያስረዋል። ምላጩ ላይ በሽቦ መንጠቆ የዘይት ጀሪካን ያንጠለጥላል። በቆርቆሮ ኩባያ ቀስ እያለ ውሃ ይጨምርበታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጀሪካኑ የሚሞላው በስምንት ኩባያ፣ በሁለት ሊትር ነው። ስምንቱን ችሎ የቆመ ምላጭ ከእጁ ይወጣል። በሰባተኛው «ቀጭ» ያለ፣ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን፣ አይወጣም።

የብልባላ ሰው በዚህ ሥራ ይስቅ ነበር። «ገብረ ዮሐንስ ዛሬም ጠመንጃ ውሃ ሲያጠጣ ዋለ» ይባላል። እኔም ስቄያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ላሊበላ አስተምሬ፣ በጡረታ ወደ ተወለድኩበት ብልባላ ስመለስ ግን ካየሁት ሁሉ ልቤን የያዘው ያ ጀሪካን ነው። ከትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የተጣለ ባለ ሞላ ሚዛን ነበረኝና ወሰድኩለት። መንጠቆውን ምላጩ ላይ አድርጎ ሳበ። ቁጥሩን አነበበ። ደገመ። ሠለሰ።

«ጥሩ ነው መምህር» አለኝ። «ግን እኔ ስስበው እጄም አብሮ ይመዘናል። ውሃ እጅ የለውም።»

ከዚያ ወዲያ በሚዛኑ ይፈትሻል፣ በውሃው ይፈርዳል።

አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። እሱን በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ እጁን አይተው የመሣሪያ ጥገና ክፍል አስገቡት። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ መጥቶ የአባቱን ወናፍ ያዘ። አገሩ ለማረሻውም ለጠመንጃውም ይፈልገዋል፤ ማዕዱ ላይ ግን አይቀርብም። ዓይኑን ይፈሩታል። እናቶች በደጁ ሲያልፉ የሕፃናቱን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ስመላለስ ሚስቱ ይማርሽ አንድ ቀን እንኳ «ጠላ ይቅመሱ» ብላኝ አታውቅም። ንፉግ ሆና አይደለም። እንቢ ከማለት ልታድነኝ ነው። ባለመጠየቋ ደስ ይለኝ እንደነበር እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም።

«ምላጭ ስለሚጎረብጥ ነው ከባድ የሚመስለው» ይለኝ ነበር። ጥይቱን የሚመታውን መርፌ አግታ የምትይዘውን ትንሽ የብረት ጥርስ ያወጣና ዘይት በነካ ልስልስ ድንጋይ ግማሽ ቀን ሲያሻት ይውላል። ሞረድ አያስጠጋባትም። ክብደቱ ያው ሆኖ ጉርብጥብጡ ሲጠፋ ባለ ጠመንጃው «ቀለለልኝ» ብሎ መርቆት ይሄዳል። አንድ ቀን ለምን ከሁለት ሊትር እንደማይወርድ ጠየቅኩት። ጥርሷን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ እያየ፣

«በጣትና በጥይት መካከል ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ቦታ መቅረት አለበት» አለኝ። «ከዚያ ካነሰ የሚያስበው ጠመንጃው ነው።»

ስለ ሰው ፈቃድ ነፃነት ብዙ አንብቤያለሁ። ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። ይህንንም ነግሬው አላውቅም።

ታፈረ ደግሞ የተከበረ ገበሬ ነው፤ ትልቅ ትንሹ «አያ ታፈረ» ይለዋል። ከአያቱ የወረሰው ምንሽር አለው። በእኛ ቀበሌ የሙሽራው አባት ሙሽሪትን ሊወስድ ሲመጣ፣ ከደጇ ወይራ ላይ የተሰቀለውን ቅል በጥይት ካልጣለ መሳቂያ ነው። ታፈረ የመጀመሪያ ልጁን ሲድር ሦስት ጊዜ ተኩሶ ሦስቴም ሳተ። ሴቶቹ እዚያው ግጥም አወጡለት፦

አያ ታፈረ ተኩሱ ይብቃዎ፣
ቅሉ አርጅቶ ይወድቅልዎ።

ይህች ግጥም ገበያ ወረደች፣ ወፍጮ ቤት ገባች፣ ዓመት ሙሉ ተከተለችው። ሁለተኛው ልጁ የአብስራ ሊያገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ታፈረ ምንሽሩን ገብረ ዮሐንስ ዘንድ አመጣ። ሊወስድ በመጣ ቀን እኔም እዚያው ጉቶ ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ቀለለ?» አለ ገና ከበሩ።

«ለሰለሰ» አለ ገብረ ዮሐንስ። ጠመንጃውን አሰረ፤ ጀሪካኑን ሰቀለ፤ እየቆጠረ ስምንት ኩባያ ጨመረ። ምላጩ ቆመ። ቀጥሎ ፈታውና የተቀባበለውን ባዶ ጠመንጃ በሰደፉ ጣውላ ላይ ሦስት ጊዜ መታው። መርፌው አልወደቀም።

ታፈረ ተቀብሎ ሁለቴ ሳበው። «አሁንም ከባድ ነው። ግማሹን አንሣልኝ።»

«አላነሣም አያ ታፈረ።»

«ጠመንጃው የማን ነው?»

«የርስዎ። እጁ ግን የኔ ነው።»

«ወይ ጉድ! ቀጥቃጭ ደግሞ ምላጭ ይገዝት ጀመር!» ወደ እኔ ዞረ። «ይሰማሉ መምህር? እኔ የምሄደው ሠርግ፣ ይሄ ሰውዬ የሚልከኝ ውሃ ልቀዳ!»

እኔም ሳቅሁ።

«ይሁን» አለና ጠመንጃውን ትከሻው ላይ ጣለው። «ሞረድ እንደሆነ እኔም ቤት አለ።»

ገብረ ዮሐንስ እስከ አጥሩ ተከተለው። «አያ ታፈረ፣ በሞቴ፣ ሞረድ እንዳያስነኩት!»

ታፈረ አልዞረም።

ሠርጉ በጥር፣ ከገነተ ማርያም በላይ ባለ መንደር ነበር። ሙሽሪት ሰርክአዲስ ትባላለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሙሉሃብት ነው፣ ሳቂታ ሰው፣ ቅሉን ራሱ የሰቀለው። ታፈረ አነጣጠረ። በመጀመሪያው ጥይት ቅሉን ከሁለት ከፈለው። እልልታው ቀለጠ። ያች ግጥም በዚያች ቅጽበት ሞተች። ታፈረ እንባ እየተናነቀው ሌላ ጥይት አቀባበለ፤ ሊደግም ነበር። ሙሉሃብት ግን እጁን ዘርግቶ «አበጁ አያ!» እያለ ሊያቅፈው ሮጠ። ታፈረም ሊታቀፍ ጠመንጃውን መሬት ላይ አቆመው። ሰደፉ ድንጋይ ነካ። ማንም ምላጭ አልሳበም። ጥይቱ ሙሉሃብትን በአገጩ ሥር አገኘው።

በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ፖሊስ አልመጣም። ነገሩ በሽማግሌ እጅ ወደቀ። ሦስት ሆነን ተቀመጥን፤ ቄስ ጽጌማርያም፣ ነጋዴው መሐመድኑር፣ እና እኔ። በአንድ ወገን ታፈረና ዘመዶቹ። በሌላው ወገን የሙሉሃብት ሁለት ወንድሞች፣ ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። በመሃል የአንዱ ምራት የሌላው እህት የሆነች፣ ገና የሠርግ ልብሷን ሳትጠግብ ጥቁር የለበሰች ልጅ አለች።

ታፈረ ተነሥቶ፣ «እኔ እንደተሰጠኝ ነው የተኮስኩት» አለ። «ብረት አላውቅም። ያበላሸው የነካው ነው።»

ገብረ ዮሐንስን አስጠሩት። ጀሪካኑንና ኩባያውን ይዞ መጣ።

«አባቶቼ፣ ውሃ ይሰቀልልኝ» አለ። ሌላ ነገር አልለመነም።

ጠመንጃውን ከወይራው ጋር አሰረው። አንድ ኩባያ። ሁለት። ሦስተኛው ሳያልቅ «ቀጭ» አለ። ከሴቶቹ መካከል አንዲቱ ጮኸች።

«ስምንት ችሎ ነው ከእጄ የወጣው» አለ ገብረ ዮሐንስ። «ጥርሷን አውጥቼ ላሳያችሁ። የሞረድ ጭረት አለባት። እኔ የምሠራው በድንጋይ ነው።» አወጣና በመዳፉ አዞረልን። ጭረቱ ማንም የሚያየው ነው፤ ሙያ ያልገራው እጅ የፈጀው።

ቄስ ጽጌማርያም አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ጭረቱስ አለ። ግን ብልባላ ውስጥ ጠመንጃ ፈትቶ የሚገጥም ካንተ በቀር ማን አለ?»

«ዓይኑ ያረፈበት ነገር መቼ ይባረካል!» አለ ከኋላ አንዱ።

አየሁት፤ ገብረ ዮሐንስ ማስረጃዬ ብሎ ያመጣው ነገር በራሱ ላይ ሲፈርድበት። ሚዛን ስንት እንደሆነ ይነግራል። ማን እንደሆነ ግን አይነግርም፤ እሱን ሰው ነው የሚነግረው።

መሐመድኑር እግሩን አመቻችቶ ተቀመጠ። «ወላሂ ይሄ ነገር አልጣመኝም» አለ። «ገብረ ዮሐንስ፣ ስምንቱን ሲችል ያየልህ ሰው የለም?»

ገብረ ዮሐንስ ወደ እኔ አልዞረም። ጥርሷን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ቦታዋ መለሳት።

«ያየ ካለ አፍ አለው» አለ። «ይናገር።»

እኔ የከዘራዬን ጫፍ እያየሁ ነበር። ያሰብኩትን አስታውሳለሁ፤ በደንብ የተደራጀ ሐሳብ ነበር፣ እንደ ተማረ ሰው። የሞረደው ታፈረ ነው ብል ሁለቱ ወንድማማቾች ከተቀመጡበት ሳይነሡ ይተኩሳሉ። ከዚያ የታፈረ ልጆች ይተኩሳሉ። ስንት ሰው? አምስት? ዐሥር? በአንድ ወገን የዐሥር ሰው ነፍስ፣ በሌላው ወገን የአንድ ሰው ስም። የአንዱ ስም ደግሞ ከመጀመሪያውም እንደ ስም አልተቆጠረለትም። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያጋድል ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም። እንዲህ አሰብኩ። ዛሬ ሳሰላስለው ግን ያን ቀን ዐሥሩን ሰው አስቀድሜ አልቆጠርኳቸውም። የቆጠርኳቸው በኋላ፣ ዝም ማለቴን ሳውቅ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ «ከቀጥቃጩ ጋር ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

መሐመድኑር ራሱን ነቀነቀ፤ ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ።

ታፈረና የሙሉሃብት ወንድሞች መስቀል መትተው ታረቁ። ጋብቻውም ጸና። ገብረ ዮሐንስ ደግሞ ሁዳዴ ሳይገባ ወናፉን ነቅሎ ከብልባላ እንዲወጣ ተፈረደ። አባቱ የተቀበሩበት፣ የተወለደበት አገር ነው። ሁለቱ ወገኖች የተስማሙት በዚህ ላይ ነበር። በሌላ በምንም አልተስማሙም።

ገብረ ዮሐንስና ሚስቱ በሄዱበት ጠዋት ወርጄ አገኘኋቸው። መስፉ፣ ወናፉ፣ ጉጠቱ በሁለት አህያ ተጭኗል። ገብረ ዮሐንስ ሚዛኑን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ።

«ጥሩ ሚዛን ነው መምህር። አልዋሸኝም።»

አሥራ አንድ ዓመት ያላደረግኩትን አደረግኩ፤ «ይማርሽ፣ እስቲ ውሃ ስጪኝ» አልኩ።

ይማርሽ የአህያውን ጭነት አጠበቀች። «ውሃው አልቋል መምህር» አለችኝ። ያ ጀሪካን ሙሉ ሆኖ ከጭነቱ ጎን ተንጠልጥሎ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ኅዳር ታፈረ ምንሽሩን በጋቢው ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። አርጅቷል።

«መምህር፣ ይህን ምላጭ የሚያከብድልኝ ሰው አያውቁም? የየአብስራ ልጅ መዳህ ጀመረች። ጥይት አውጥቼ አስቀምጣለሁ፤ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ልሽጠው ብል የሚገዛው ላይ ምን ሊደርስ ነው? ልጣለው ብል የአያቴ ነው።»

«ሞረድ ቤትህ አለ አይደል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ያን ቀን ሰምተው ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ ለምን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ምን ሊል እንደነበር ሁለታችንም አውቀናል። ጠመንጃውን ጥሎልኝ ሄደ።

ገብረ ዮሐንስ ጋሸና እንዳለ ሰምቼ ስለነበር ተሸክሜው ሄድኩ። መኪኖች በሚቆሙበት ሜዳ ዳር የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ይጠግናል። ሹፌሮቹ ማን እንደሆነ አያውቁም፤ አብረውት ይበላሉ። ምንሽሩን ገና ከጋቢው ሳላወጣው አወቀው።

«እኔ አልነካሁትም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንደሚያውቁ እኔም አውቃለሁ መምህር። ይህን የሚነግሩት ለኔ አይደለም።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብፈልግ አጣሁ፤ ብረት ሲመረምር የሚይዘው ፊት ነው የነበረው። «ይሠራል» አለ። «አዲስ ጥርስ ቀጥቅጬ አበጅለታለሁ፤ ሦስት ቀን ይፈጃል። ግን እዚህ አልሠራውም። ብልባላ በገበያ ቀን ቆመው ያዩትን ይናገሩ። በማግስቱ መጥቼ እዚያው፣ የአባቴ ቤት ፍርስራሽ ላይ እሠራዋለሁ። ስምንት ኩባያ።»

«ሰው ይሞታል ገብረ ዮሐንስ። ወንድሞቹ አሁንም...»

«ይሆናል» አለና ወደ መኪናው ሥር ጎንበስ ብሎ ገባ።

ያ በኅዳር ነው። አሁን ሚያዝያ ነው። ከዚያ ወዲህ ብልባላ ስንት ገበያ እንደቆመ አውቃለሁ፤ በእያንዳንዱ ወርጃለሁ፤ ጨው ገዝቼ ተመልሻለሁ። ምንሽሩ አልጋዬ ሥር ነው። አልፎ አልፎ አውጥቼ ምላጩን በሚዛኑ እስበዋለሁ። ከሰባት መቶ ግራም አይዘልም። እኔም ጥርሷን መልሼ ላወፍራት አልችልም።

ይህን ጽፌያለሁ። ስሞቹን ሁሉ፣ ኩባያውን ሁሉ ጽፌያለሁ። ገብረ ዮሐንስ የጠየቀኝ ግን ይህን አልነበረም። ብልባላ ገበያ ላይ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የለም፤ ይህንንም ከመጻፌ በፊት አውቀዋለሁ።