የኤፊ ገንፎ እና ሁለቱ የጎልፍ ሜዳዎች

ጎረቤቴ ኤፊ በዚህች የስኮትላንድ ደሴት ሠላሳ ዓመት እንግዳ ስታሳድር የጎልፍ ዱላ ነክታ አታውቅም። ለእረፍት የመጣ ሁሉ ግን ለማንም ክፍት ከሆኑት ሁለት ሜዳዎች የቱ እንደሚሻል የሚጠይቀው እሷን ነው። እሷም ቁርስ ላይ አይታ ትመርጥለታለች። የአጃ ገንፎዋን እንደኛ በጨው የበላውን፣ በጎች ሣር ወደሚግጡበት ጸጥ ያለ ሜዳ ትልከዋለች። ስኳር የጠየቀ ወዮለት፤ ነፋስ ኳሱን ነጥቆ ባሕር ወደሚጥልበት የገደል አፋፍ ሜዳ ይሄዳል።

ባለፈው ሰኔ አንድ የለንደን ጠበቃ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ "እማማ፣ ይሄ ነገር ያለ ስኳር ይበላል እንዴ?" አላት።

"ስኳሩ ይኸው፣ ጌታዬ" አለችው ፈገግ ብላ። "ለእርስዎ የሚሆነው የገደሉ ሜዳ ነው።"

ከሰዓት በኋላ በዝናብ በስብሶ ተመለሰና ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም።

"ኳሴ ወደ ባሕር ሲሄድ ነፋሱ መልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ከተተልኝ፤ በአንድ ምት! ለከርሞ ቤተሰቤን ይዤ አንድ ወር እቀመጣለሁ።"

ኤፊ ቀጥ ብላ እኔ ቤት መጣች።

"ያ ርጉም ነፋስ" አለችኝ፣ "ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ፣ ዛሬ ለስኳር በላ አደረ።"