«ደርቋል» ያልሁ ዕለት

አሥር ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ቀርቶኝ ነበር። ቤታችን ባሕር ዳር፣ ጣና እግር ሥር ነው፤ አባቴ ሐይቁ ዳር ከሚበቅል ደንገል በተሠራ ታንኳ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ደንገል ውኃ ይጠጣልና ታንኳ ከሐይቅ በወጣ ቁጥር ዛፍ አስደግፎ፣ እያገላበጡ ማድረቅ ግድ ነው። ሳይደርቅ ሰው ከወጣበት እያያችሁት ይሰምጣል። ማገላበጡ የእኔ ሥራ ነበር።

ያን ቀን ጧት ታላቅ እህቴ፣ እታለም፣ ውኃ ልንቀዳ በቆምንበት፣ በጓደኞቼ ፊት «ይቺ እኮ እስካሁን አልጋዋ ላይ ትሸናለች!» አለች። ሳቃቸው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ንዴት ይሁን እፍረት ስሙን የነገረኝ የለም፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ዋለ።

ከሰዓት በኋላ እታለም ለአባቴ ምሳ ልታደርስ ወደ ሐይቁ ዳር መጣች። አባቴ በሌላው ታንኳ ራቅ ብሎ መረቡን ሲዘረጋ ይታየናል።

«አንቺ፣ ይሄ ደርቋል?» አለችኝ፣ ዛፉን ተደግፎ ወደቆመው ታንኳ እያመለከተች።

አላገላበጥሁትም ነበር፤ ላዩ ደርቆ ያታልላል እንጂ ሆዱ ውኃ እንደጠጣ ነው።

«ደርቋል» አልሁ። ቀሚሷ ይረስርስ፣ እሷም ይሳቅባት ብዬ ነው፤ ሌላ አላሰብሁም።

ታንኳውን ወደ ውኃው ገፍታ ወደ አባቴ መቅዘፍ ጀመረች፤ ነፋስ ተነሣ። መሐል ስትደርስ ታንኳው በአንድ ጎኑ ዝቅ አለ፤ ውኃው ጉልበቷን ያዘ። ዋና አትችልም። ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ ብጮህ ውሸቴ ይታወቃል። መልሼ ዘጋሁት። የምሳው አገልግል ከእጇ አምልጦ ተንሳፍፎ ሲሄድ ሳይ ግን አልቻልሁም።

«አባባ! ታንኳው እርጥብ ነው! ድረስላት!»

ደረሰላት። ዳር ሲወጡ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል።

«ማን ነው ደርቋል ያላት?» አለ፣ መቅዘፊያውን እንደጨበጠ።

«እኔ ነኝ። እያወቅሁ ነው።»

እጁ ሲነሣ እታለም መሐላችን ገባች። «ጧት በሰው ፊት አዋርጃት ነው፣ አባባ። ተዋት።»

ዛሬ ልጄ ከትምህርት ቤት ተምራ መጥታ «እማ፣ አሁን ተናድጃለሁ፤ ትንሽ ተዪኝ» ትለኛለች። እኔም እተዋታለሁ፤ ደግሞም እቀናባታለሁ። እኛ እንዲህ ብሎ መናገርን ለማወቅ ሰው ልናሰጥም ነበር።

ያኔ አባቴ ሦስት ቀን ታንኳውን ራሱ እያገላበጠ አደረቀ። በአራተኛው ቀን እታለም ጉልበቷ መሐል አስቀምጣኝ ሹሩባ ሠራችኝ፤ እንደ ወትሮዋም አላጠበቀችብኝም።