ዝናብ ብቻ ይጻፍበት የነበረ ግሩፕ

የእኛን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈቱት ሁለት ወጣቶች ናቸው። አንዱ የቀበሌያችን የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበር፤ ሌላዋ እዚሁ ዱመርሶ ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረች። ሁለቱም የተወለዱት ሌላ አገር ነው፤ እንግዳ ሰው ደግሞ ባለቤቱ ለምዶ የተወውን ነገር ያያል። ዝናብ አንዳንዴ ከቡሌ ተራራ ወርዶ፣ ብዙ ጊዜ ግን መጀመሪያ ገደብ ከተማን መትቶ እንደሚደርሰን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ገደብ ያለ ሰው ቢነግረን የማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣነውን ቡና ለመሸፈን ጊዜ እንደሚኖረን ግን ከእኛ መካከል ያሰበ አልነበረም።

ሕጋቸው አንድ ነበር፦ የቦታው ስምና «መጣ» የሚለው ቃል። «ገደብ፣ መጣ።» ሌላ ነገር አይጻፍም። ቮይስ አይላክም፣ ፎቶ አይለጠፍም፣ «እንደምን አደራችሁ» አይባልም። እኛ ጋ ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ የልጁን፣ የከብቱን፣ የእንሰቱን፣ የታመመ ዘመዱን ደኅንነት ሳይጠይቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ስለዚህ አንድ አዛውንት ቀበሌ ድረስ ሄደው «ይህ ልጅ ሰላም ሳይለኝ ዝናብ መጣ ይለኛል፤ ምን በድዬው ነው?» ብለው ልማት ሠራተኛውን ከሰሱት። ልጁ እየሳቀ ይቅርታ ጠየቃቸው። ሕጉን ግን አልለወጠም።

እኔ ሕጉን እወደው ነበር። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በጩኸት መካከል ስለምውል ዝም የሚል ነገር ደስ ይለኛል። ግሩፑም ዝም ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ አንድ ቀን «ቡሌ፣ መጣ» ይላል። መንደሩ ሁሉ ላስቲኩን ይዞ ወደ ቡና አልጋው ሲሮጥ ማየት ነበር! ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው፤ ያለችንን ትንሽ የቡና ማሳም ሁለታችን ነን የምንሠራት። በእነዚያ ወጣቶች ምክንያት ዝናብ ያልነካው ቡና ያስገባንባቸውን ዓመታት እስከ ዛሬ አልረሳም። እግዚአብሔር በሄዱበት ይከተላቸው።

ሄዱ እንግዲህ። እሱ ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ፤ እሷም አዲስ አበባ የቡና ቅምሻ ሥራ አገኘች። ከመሄዳቸው በፊት አድሚንነቱን ለእኔ ሰጡኝ። «ቲቸር ትሻላለች፤ አታዳላም» አሉ። ከዚያ ሁለቱም ከግሩፑ ወጡ። ለምን እንደሚወጡ ብጠይቃት ልጅቷ «እኛ ካለን እናንተ እኛን እያያችሁ ትጽፋላችሁ። የእናንተ ይሁን» አለችኝ። ያኔ ነገሩ ጭካኔ መሰለኝ።

መጀመሪያ የተጣሰው በለቅሶ ነው። አንድ ሰው የጎረቤቱን ሞት ጻፈ። የለቅሶ መልእክት የሚሰርዝ እጅ ከየት ይመጣል? ተውኩት። ቀዳዳው በዚያ ተከፈተ። ለቅሶ ከተፈቀደ ሠርግ ለምን ይከለከላል? ከሠርጉ በኋላ የጠፋ በሬ መጣ፣ ከበሬው በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ፣ ከጥቅሱ በኋላ የሚሸጥ ፍሪጅ። እኔ እሰርዛለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ። «ቲቸር ደግሞ ዳስተሯን ይዛ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። አንዱ ባለጌማ «ቲቸር፣ ሚስት ፈላጊ ነኝ ብዬ ብጽፍ ትሰርዢዋለሽ ወይስ ታስቢበታለሽ?» ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩት፤ ሳልስቅ ግን አልቀረሁም።

ከሁሉም የባሰችብኝ ጎረቤቴ ነበረች፤ ከእኛ ማሳ በታች የምትኖር፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ እትዬ የምላት ሴት። መጻፍና ማንበብ አትችልም። ስለዚህ በወጣቶቹ ዘመን ግሩፑ ውስጥ ብትኖርም እንደሌለች ነበረች። ልጇ የቮይሱን ቁልፍ ያሳያት ቀን ግን ዓለም ተከፈተላት። ጠዋት ጠዋት «ጌታ ይባርካችሁ» ብላ ትጀምራለች፤ ዶሮዎቿ ከኋላ ይንጫጫሉ፤ የዚህን ሰው ጉንፋን ትጠይቃለች፣ ያኛውን ስለ ምራቱ ታመሰግናለች። ቋንቋችን ጌዴኦኛ ቢሆንም ግሩፑ ውስጥ ኦሮሞም ጉራጌም ስላለ የምትናገረው በአማርኛ ነው፤ አንተንና አንቺን እያቀላቀለች፣ ሳትፈራ። እኔ እሰርዝባታለሁ። እሷ ቮይሱ በኔትወርክ ምክንያት የጠፋ ይመስላትና ከመጀመሪያው ጀምራ ትደግመዋለች።

ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አንድ ከሰዓት «ገደብ፣ መጣ» የሚለው መልእክት ለአንድ ተመራቂ ልጅ በሚጎርፍ የእንኳን ደስ ያለሽ መካከል ወድቆ ብዙ ሰው ሳያየው ቀረ፤ የብዙ ቤት ቡናም ራሰ። ተናደድኩ። ለዝናብ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ግሩፕ ከፍቼ ሁሉም እንዲገባ ጠራሁ። በቃል ሁሉም «ልክ ነሽ ቲቸር» አለኝ። የገባው ግን እፍኝ የማይሞላ ሰው ነው፤ እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ተፋጠን ቀረን። የድሮው ግሩፕ እንደ ገበያ ቀን ይንጫጫል። የሁለቱ ወጣቶች ሥራ በእኔ እጅ የፈረሰ መሰለኝና አዝኜ ነበር።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላስቲኩን ገልጬ ቡናውን አሰጣሁና አገላብጬ ስገባ እናቴ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ትንፋሽ አጥሯታል። ለሁለት ቀን ጉንፋን ነው ስትለኝ ቆይታለች፤ ያን ጠዋት ግን ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ሁለት ቃል ለመናገር ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር። የሰፈራችን ባለ ባጃጅ እስከ ይርጋጨፌ አደረሰን፤ ከዚያ በሚኒባስ ዲላ ገባን። ለማንም አልተናገርኩም። ቡናውን ያሰብኩት ሆስፒታል ደርሰን ኦክስጅን ከተደረገላት በኋላ ነው።

የሳንባ ምች ነው ተባልኩ። ዕድሜዋ የገፋ ስለሆነ የዛሬና የነገ ቀን እንደሚወስኑ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረኝ። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን እንደያዝኩ ስልኬን ብከፍት፣ ባለ ባጃጁ ግሩፑ ላይ ጽፎታል፦ «የቲቸር እናት በጣም ታመዋል። ወደ ዲላ ሄደዋል። ጸልዩ።» ደሜ ፈላ። ማን ፈቀደለትና ነው እናቴን አደባባይ የሚያወጣት? ልሰርዘው ጣቴን ዘረጋሁ። ከሥሩ ግን አሜን፣ አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ፣ አላህ ያሽራቸው የሚሉ መልእክቶች ተደርድረዋል፤ የሰው ጸሎት መሰረዝ አስፈራኝና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ነርሷ መድኃኒት ከውጭ እንድገዛ ወረቀት ሰጠችኝ። ፋርማሲው በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። «ገደብ፣ መጣ።»

የወጣቶቹን ሕግ ሳያዛንፍ የሚጠብቅ አንድ የገደብ ነጋዴ አለ፤ እሱ ነው የጻፈው። እንደዚያ ያለ አቅመ ቢስነት አይቼ አላውቅም። ዝናቡ ቤቴ ከመድረሱ በፊት ዐውቄያለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አይፈይድልኝም። ትቻት ብሄድ እናቴ አለች፤ ብቀር የዓመት ልፋታችን፣ ሁለታችን አጎንብሰን የለቀምነው ቡና ባዶ ሰማይ ሥር ተዘርግቷል። ለእትዬ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ግሩፑ ላይ «እባካችሁ ሸፍኑልኝ» ብዬ ልጽፍ አሰብኩ፤ የስንቱን ሰው «እባካችሁ» የሰረዝኩ ሴት በምን ፊቴ እጽፋለሁ? መድኃኒቱን ገዝቼ ተመለስኩ። ዲላም ላይ ደመናው ወርዶ ነበር። «ይሁን፤ ቡናው ይቅር፣ እሷን ብቻ ተውልኝ» ብዬ በልቤ ጸለይኩ።

ከዚያ ቮይስ ገባ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስለጥፈው መጀመሪያ የሰማሁት ላስቲክ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከዚያ የእትዬ ድምፅ፣ ከዝናቡ በላይ እየጮኸ፦ «ቲቸር! አይዞህ! ልጄ አንብቦልኛል፣ ቡናሽ ተሸፍኖአል! አልጋ ሁሉ ሸፍነናል፣ ድንጋይ ጭነናል! አንቺ እናትህን ያዝ፣ ቡና አታስቢ!» ከኋላዋ የሌሎች ሰዎች ሳቅና ጩኸት ይሰማል። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እያለቀስኩ የገባኝ ነገር አለ። በወጣቶቹ ዘመን ቢሆን ዝናቡ እንደመጣ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቤቴ ባዶ መሆኑን ግን የሚያውቅ አይኖርም ነበር፤ እያንዳንዱ ወደየራሱ አልጋ ይሮጥ ነበር። ደግሞ ወጣቶቹ ያንን «መጣ» ባያስተምሩን ጫጫታው ብቻውን ቡና አይሸፍንም። ትተውልን የሄዱት ነገር አልፈረሰም፤ የጎደለውን ሰዉ ጨመረበት እንጂ። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፣ የጀመሩትንም የቀጠሉትንም። ባለ ባጃጁንም ጭምር።

እናቴ ያንንም ቀን ማግስቱንም ተሻገረች። ከሳምንት በኋላ ይዣት ገባሁ። ቡናችን ደርቆ፣ መልካም ሽታ ይዞ ጠበቀኝ። ለማመስገን ወደ እትዬ ወረድኩ። እሷ አልጋዋ ላይ አጎንብሳ ቡና ትበትናለች፤ ገና ሳልደርስ የሻጋታ ሽታ አፍንጫዬን መታው። የእሷ ቡና ነው የራሰው።

«የእኔን አስቀድመሽ ነው የራስሽን ያስመታሽው?» አልኳት። ድምፄ ቁጣ ሆኖ ወጣ።

«ታዲያስ?» አለች፣ ቀና ሳትል። «እኔ ቤቴ ነበርኩ። ቢርስ ቁጭ ብዬ አገላብጣለሁ። አንቺ ማን ነበረሽ?»

እጅጌዬን ሰብስቤ ከአጠገቧ ቆምኩና የሻገተውን እየለየሁ፣ የዳነውን እየበተንኩ አብሬያት ዋልኩ። በቀጣዮቹ ቀናትም ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ቡና ነበር የምወርደው። ከፊሉ ተበላሸ፤ ከፊሉን አተረፍነው። ስለ መሰረዜ ምንም አላነሳችም፤ የሰረዝኩባት እኔ መሆኔንም አታውቅ ይሆናል።

እናቴ ገና ከአልጋ አልወረደችም ነበር። አንድ ማታ ስልኬ አላቋርጥ ሲል «ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚንጫጫው?» አለችኝ። የታመመች ቀን የተላኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት፤ ቮይሶቹን አሰማኋት። የማታውቀውን ሰው «ይኼ የማን ልጅ ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ሲያልቅ «ምን ብለሽ መለስሽላቸው?» አለች።

ምንም እንዳልመለስኩ ነገርኳት። ከየት እንደምጀምር ስለጠፋኝ።

ከትራሷ ቀና አለች። «ሰው ደጅሽ ቆሞ እየጠራሽ ዝም? እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ? በይ አምጪው።»

የቮይሱን ቁልፍ ተጭኜ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝኩላት። አማርኛውን ተወችው፤ በጌዴኦኛዋ ጀመረች። እያንዳንዱን ሰው በስሙ ጠራች፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ቡናውን ጠየቀች። የእትዬ ቡና ደረቀ ወይ አለች። በየመሀሉ ታርፋለች፣ አየር ትስባለች፣ ትቀጥላለች። በጣም ረዘመ። ትንፋሿ በጣቴ ሥር ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ራሷ ጨረስኩ እስክትል ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።