የታፈረ ፍሬንና የማክሰኞ ቀጠሮው

ታፈረ የባጃጁን የኋላ ጎን በክሪክ ያነሳል። የፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል። ዳዶዎቹን በቁልፍ አላልቶ ይፈታና እንዳይንከባለሉ በቆርቆሮ ክዳን ላይ ያኖራቸዋል። ጎማውን አውጥቶ ያስተኛዋል። የፍሬኑን ታምቡር በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ እያደረገ ይስበዋል። ውስጡ የተጠራቀመውን ጥቁር አቧራ በአፉ አይነፋም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። የፍሬን ሸራውን በጥፍሩ ዳስሶ ውፍረቱን ይለካል፣ ገጹ ካንጸባረቀ በብርጭቆ ወረቀት ያሸዋል። ሞላዎቹን በፒንሳ ይዞ ይመልሳቸዋል። ሁሉን ገጥሞ ሲያበቃ ጎማውን በመዳፉ ያሽከረክረውና ጆሮውን ያስጠጋል፤ በሌላው እጁ በረጅም እንጨት የፍሬኑን ፔዳል ይጫናል። ጎማው ቀጥ ይላል። ይለቀዋል፣ ይዞራል። ይጫናል፣ ቀጥ ይላል።

ሥራው እዚህ ላይ አልቋል። ሌላ መካኒክ ቢሆን እጁን ታጥቦ ሂሳቡን ይጠይቃል። ታፈረ ግን ዳዶዎቹን እንደገና ይፈታል።

«ደሞ ምን ረሳህ?» አለ ሐምዳን። ባጃጁ የሱ ነው፤ ከላሊበላ ኤርፖርት ሰው ያመላልሳል። ጋራዡ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ቆይቷል።

«ምንም። አንዴ ልየው ብዬ ነው።»

«አየኸው እኮ። ይሄን ያህል እኔን አይተኸኝ ቢሆን ስንት ጥርስ እንዳለኝ ታውቅ ነበር።»

«ቁልቁለቱ ላይ ይይዝልሃል አይደል? ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ወላሂ ደህና ነው። ይበቃሃል ወይስ ልጨምር?»

በቃኝ አላለም። ታምቡሩን አወጣ።

ነገሩ የጀመረው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሙሉሃብት የሚባል ሾፌር፣ ታፈረ ፍሬኑን በሠራለት ማግስት፣ የኤርፖርቱ መንገድ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። እግሩ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ አየ፤ ፍሬኑ ይሠራል። ሙሉሃብት ራሱ በቃሬዛ ላይ ሆኖ «አህያ ገባብኝ፣ መሪ ጠመዘዝኩ» ብሏል። ማንም ታፈረን አልወቀሰም። ታፈረ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ባጃጅ በወጉ መልቀቅ አቃተው። ይፈታል፣ ይገጥማል፣ ይፈታል። የለቀቀውንም በእግሩ እየሮጠ ተከትሎ መንገድ ላይ ያስቆማል። ቤቱ ገብቶ እንኳ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይበላል፣ ከበላ በኋላ ጋራዡ ድረስ ሄዶ የተቆለፈውን በር ነካክቶ ይመለሳል። ጠበል ገብቶ ሰነበተ። እዚያ ሳለ ቀለል ይለዋል፤ መፍቻውን ሲጨብጥ ያው ነው።

ሾፌሮቹ መሸሽ ጀመሩ። የገና በዓል እየቀረበ ነበር። ላሊበላ ውስጥ የባጃጅ ጋራዥ የዓመት እንጀራው የሚወጣው ምዕመኑ በሚጎርፍበት በዚያ ሰሞን ነው፤ የዚያን ጊዜ ደንበኛ የሌለው መካኒክ ጋራዡን ዘግቶ ወደ ገጠር ይመለሳል። ሐምዳን የመጣው ባጃጁን ሊያስጠግን ብቻ አልነበረም።

«ስማኝ» አለው። «ሾፌሮቹ ወደ ታችኛው ጋራዥ ሊሄዱ ተስማምተዋል። እህቴ ሐምዲያ ወልዳ ሳለች ጭንቅ ይዟት አልነበር? ሆስፒታል በተመላላሽ እየሄደች ምክር ታገኝ ነበር። ዛሬ ከኔ በላይ ትስቃለች። ሂድ።»

«እብድ ነኝ እንዴ?»

«እብድማ ብትሆን ፍሬኑን ትረሳው ነበር።»

ታፈረ ሄደ። ግን በላስታ ደጋ አንድ ሰው ነገር ሲገጥመው ብቻውን አይሄድም፤ አፍ የሚሆንለት ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አጎቱን አያ አዳምን ይዞ ሄደ። አያ አዳም ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የደም ነገር ያስታረቁ ሰው ናቸው። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፊት ሲሰለፉ ሰው ሁሉ ቦታ ለቀቀላቸው።

የምክር ክፍሉ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ወደ ግቢው የሚያሳይ መስኮት። የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ንጋት ተነስታ ተቀበለቻቸው። አያ አዳም አልተቀመጡም።

«ሲስተር፣ ልጃችን ጥፋት የለበትም። ኖሮበትም ቢሆን ይቅር ይባል። ለወደፊቱ እኔ ዋስ ነኝ።»

ሲስተር ንጋት አላቋረጠችም፤ ሲጨርሱ ወንበር ሳበችላቸው። «አባባ፣ እዚህ ክስ የለም። ፈራጅም የለም። ይዘውት መምጣትዎ ትልቅ ነገር ነው። አሁን ግን ውጭ ቢጠብቁት ደስ ይለኛል፤ እሱ ራሱ ያውራኝ።»

«እሱማ ማውራት አይችልበትም።»

«አብረን እንሞክራለን።»

አያ አዳም ቅር ብሏቸው ወጡ። በመስኮቱ በኩል ጀርባቸው ይታይ ነበር።

ሲስተር ንጋት መጀመሪያ ያለችው ይህን ነው፤ እዚህ የሚነገር እዚህ ይቀራል፤ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ካለ ግን ዝም አትልም። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እንቅልፍ? ምግብ? መጠጥ? ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው አለ? ታፈረ እግሩን እያንቀጠቀጠ በአጭር በአጭሩ ይመልሳል። ቀጥላም በዚያው ድምፅ «ሕይወትህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» አለችው።

እግሩ ቆመ። «እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል?»

«ሁሉንም እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም።»

«አላሰብኩም» አለ። «አንዳንዴ ግን ተኝቼ ባልነቃስ እላለሁ።»

እሷ አልደነገጠችም። ቀስ ብላ ስለዚያው ብዙ ጠየቀችው። ሐሳቡ ከዚህ ከበረታ ቀጠሮ ሳይጠብቅ፣ በማንኛውም ሰዓት ድንገተኛ ክፍል እንዲመጣ ነግራው፣ እሺ እስኪል ጠበቀች።

ሲያልቅ ታፈረ መድኃኒት ወይም ተግሣጽ ይጠብቅ ነበር። ሁለቱም አልመጣም። ለማክሰኞ ቀጠረችው።

«ይኸው ነው?» አለ።

«ለዛሬ ይኸው ነው። መድኃኒት ካስፈለገ ሐኪሙ ጋር እናየዋለን። ጠበልህንም አትተው፤ አይጣሉም። ቀጠሮህን ግን አትዝለል።»

«ምን አለችህ?» አሉ አያ አዳም ውጭ።

«ጠየቀችኝ።»

«መጠየቅማ እኔም እጠይቅሃለሁ። ብያኔውስ?»

ብያኔ ስላልነበረ አያ አዳም ራሳቸው ሊያመጡ ተነሱ። ጠብ ሲኖር በዳይና ተበዳይ ይገናኛሉ፣ ይማላል፣ ይታረቃል፤ እሳቸው የሚያውቁት መንገድ ይኸው ነው። በሰንበት ሙሉሃብትን በክራንች ጋራዡ ድረስ አመጡት። ሙሉሃብት ሰው በተሰበሰበበት «ፍሬኑ አልበደለኝም፣ ታፈረም አልበደለኝም» ብሎ በመስቀል ማለ። ተቃቀፉ፣ አያ አዳም መረቁ። ታፈረ በዚያ ሌሊት ከክረምት ወዲህ ያጣውን እንቅልፍ ተኛ። በማግስቱ የመጀመሪያው ባጃጅ ሲገባ እጁ ሳይጠይቀው ታምቡሩን ሦስቴ አወጣ። ደግሞ አዲስ ሐሳብ መጣበት፤ ሙሉሃብት አዝኖለት በሐሰት ምሎ ቢሆንስ? ያን ሐሳብ ተከትሎ ሙሉሃብት ቤት ሄዶ እንደገና እንዲምልለት ለመነው። ሙሉሃብት ተቆጣ።

ማክሰኞ ከቀጠሮው ሊቀር ነበር። የሄደውም ሐምዳን በባጃጁ አሳፍሮ ስለወሰደው ብቻ ነው።

«መሐላውም አልሠራም» አለ ለሲስተር ንጋት፣ ሳይቀመጥ። «ከመሐላ በላይ ምን አለ?»

«መሐላው ስንት ሰዓት አሳረፈህ?»

«እስኪነጋ።»

«ሐምዳን ‹ደህና ነው› ሲልህስ?»

«ጎማውን እስክገጥም።»

«የጠገንከውን እንደገና ፈተህ ስታየውስ?»

ታፈረ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ቀን የተነጋገሩት ስለዚህ ነው። ጭንቀቱ በሽምግልና የሚታረቅ ባላጋራ አይደለም፣ በማስረጃ አይረታም። ባረጋጉት ቁጥር ሌላ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ሥራው ማረጋገጫውን መንፈግ ነው። አንዴ በሥርዓቱ መሥራት፣ አንዴ መፈተሽ፣ ቁልፉን ማስረከብ፤ ከዚያ ልቡ ሲመታ፣ ላብ ሲያጠምቀው፣ ሳይፈቱና ሳይጠይቁ መቆየት።

«መጀመሪያ ይብስብሃል» አለችው። «አልደብቅህም።»

ባሰበት። የመጀመሪያውን ባጃጅ ከለቀቀ በኋላ ጋራዡን ከዳር እስከ ዳር ጠረገ፣ መፍቻዎቹን በቁመታቸው ደረደረ፣ በታተናቸው፣ ደረደራቸው። ሮጦ ሊያስቆመው በሩ ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ቀን ግን ተሸንፎ ሮጧል። ማክሰኞ ሄዶ እሱንም ለሲስተር ንጋት ተናገረ፤ አልተቆጣችውም፤ መሮጥ ከመጀመሩ በፊት ምን እንዳሰበ ጠየቀችው እንጂ። አያ አዳም አሁንም አብረውት ይሄዳሉ። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሌሎች ተራ ጠባቂዎችን ያስታርቃሉ ይላል ሐምዳን፤ የሚጣላ ባይኖርም።

ታኅሣሥ ገብቷል። ከሄዱት ሾፌሮች ግማሾቹ ተመልሰዋል፣ ግማሾቹ «እስቲ እንይ» ብለው ታችኛው ጋራዥ ናቸው። ታፈረ አልዳነም፤ እሱ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው። ትናንት የሐምዳንን ፍሬን ሠርቶ አንዴ ፈትሾ ቁልፉን ሰጠው። ሐምዳን ሞተሩን አስነስቶ ቁልቁል ሲወርድ ታፈረ በሁለት እጁ የበሩን ብረት ጨብጦ ቆሞ ነበር። ድምፁ ከጠፋ በኋላም አልለቀቀም። ላሊበላ መጥቶ ባጃጅ ለሚያሠራም፣ ቤቱ እንደሱ ያለ ሰው ላለውም የሚለው ካለ፣ ታሪኩን ልንጽፍ አጠገቡ የቆምነው ብንጠይቀው፣ እጁን ከብረቱ ሳያነሳ ይህን አለ፦

«‹ደህና ነው አይደል?› ብዬ ከጠየቅኋችሁ እባካችሁ ‹ደህና ነው› አትበሉኝ። ብለምናችሁም፣ ብቆጣችሁም። ዝም ብላችሁ አጠገቤ ትንሽ ቁሙና ሂዱ።»