ለስኩተር ምራቂ

ሙሄዲን ስኳር ሲመዝን ሚዛኑ እኩል ቢቆምም እጁ አያርፍም። ጣል አድርጎ ምራቂ ካልጨመረ ደንበኛውን የሰረቀ ይመስለዋል። የአሰበ ተፈሪ ሰው የሚወደው በዚሁ ነው፤ ጉድ የሆነውም በዚሁ ነው።

በደርግ ጊዜ ከጅቡቲ መጥታ ሚኤሶ ከባቡር የወረደች ስኩተር ገዛ፤ ማርሿን ራሷ የምትቀይር። ሜዳ ላይ ትበራለች። የገበያው ዳገት ላይ ግን ታቃስትና ቀጥ! ያን ጊዜ ከኋላው የተቀመጠችው ሚስቱ ዙለይኻ ወርዳ ትገፋለች፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በአዲስ ጫማ!

«ወላሂ፣ ሁለተኛ አልገፋም!» አለችው አንድ ቀን። «ቅዳሜ ዳገቱ ላይ የእህቴ ኒካህ ነው። ወይ እንደተቀመጥኩ እወጣለሁ፣ ወይ ከእንግዲህ ካንተ ጋር መታየቴ ቀረ።»

ዙለይኻ አንዴ ካለች አለች ነው። ሙሄዲን ደንግጦ መካኒኩ ኩማ ዘንድ ሮጠ። ኩማ የሞተሩ ቀበቶ የሚዞርበትን የፊተኛውን ፑሊ ፈታና ስድስት ድብልብል ብረቶች አወጣ።

«ሞተሩ ሲዞር እነዚህ ቀበቶውን እየገፉ ማርሽ ይቀይራሉ» አለው። «ከከበዱ ቶሎ ወደ ትልቁ ማርሽ ይገፉታል፤ ዳገት ላይ አቅም ያጣል። ማቅለል ነው።»

መሃላቸውን በመሰርሰሪያ ቦርቡሮ፣ አገጣጠሙን አሳይቶ ሸኘው።

ሙሄዲን ምን አለበት፣ ሱቁ ወስዶ መዘናቸዋ! ጎደሉ። የጎደለ ነገር ደግሞ አይወድም። ቀዳዳዎቹን የእርሳስ ብረት ቀጥቅጦ ሞላቸው፤ ላይ ላዩንም ለምራቂ ጨመረ። ገጥሞ ቢሞክራት ዳገቱ ሳይጀምር ቆመች።

«አበላሸህብኝ!» እያለ ኩማ ላይ ጮኸ። ኩማ ከፍቶ ሲያይ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«አንተ ሰውዬ! ስኩተር ደንበኛህ ናት እንዴ?»

እርሳሱን ፍቆ አወጣና ከበፊቱም አብልጦ ቦረቦራቸው።

ቅዳሜ ዙለይኻ ተኳኩላ ከኋላው ተቀመጠች። ስኩተሯ ዳገቱን ያዘች፤ ጩኸቷ ገበያውን አናወጠው፤ አልቆመችም። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ትሳባለች! ጭነት የያዘ አህያ ቀደማቸው። ሽማግሌው ገመዳ በእግራቸው ጎን ለጎን እየሄዱ ቤተሰቡን፣ ጤናውን፣ ንግዱን አንድ በአንድ ጠየቁት። ሙሄዲን ላብ አጠመቀው። ቤንዚን ሲሰጣት ጩኸቷ ብቻ ይጨምራል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ።

ዙለይኻ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ዞር ሲል ሻሿን እያስተካከለች ለግራ ለቀኙ ፈገግ ትላለች።

«ምን ያጣድፍሃል?» አለችው። «ቀስ በል እንጂ! ገና ያላዩኝ አሉ።»